የኮምፒውተር ትምህርት፦ ሙሉውን ገጽ ሳናፈርስ ከፊሉን ማደስ

ባለፈው ትምህርታችን ሩቢ ኦን ሬልስ በሚባለው ፍሬምወርክ የኅብረታችንን የመዋጮ መዝገብ እንዴት እንደሠራን አይተን ነበር። ፍሬምወርክ ማለት መሠረቱና ምሰሶው ቆሞ የሚሰጠን ቤት ነው፤ እኛ ግድግዳውን እንመርጋለን፣ በሩን እንገጥማለን። ያ ትምህርት ያመለጣችሁ አትጨነቁ፣ ዋና ዋናውን እየደገምኩ እሄዳለሁ።

የዛሬው ርዕስ ተሠርቶ ባለቀ ፕሮግራም ላይ «ኤጃክስ» የሚባለውን አሠራር መጨመር ነው። አንድ ቁልፍ ስንነካ ገጹ በሙሉ ነጭ ሆኖ እንደገና ከሚመጣ፣ የተለወጠው ከፊሉ ብቻ እንዲታደስ ማድረግ ማለት ነው። (ከፊል ስል የገጹን ክፍል ነው እንጂ ያኛውን ከፊል ማለቴ አይደለም፣ እሱን ማደስ የማዳም ሥራ ነው።) ኮዱ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ እሁድ ሰሌዳው ላይ እንጽፈዋለን። እዚህ የምጽፈው ሐሳቡን፣ አካሄዱንና እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ነው። ጥፋቴን ልዘለው አስቤ ነበር፣ ግን ትምህርቱ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አንዲት እኅታችን ወደ አገሯ እንድትገባ ለትኬት ያዋጣንበትን እሁድ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ገንዘብ ያዧ እትዬ በስልካቸው ስም ይጽፋሉ፣ መጠኑን ይሞላሉ፣ «መዝግብ» የሚለውን ይነካሉ። ሲያልቅ ሣጥኑ ተቆጠረ፤ 420 ዶላር። መዝገቡን እንደገና ከፍተን ድምሩን ስናይ 460 ይላል። 40 ዶላር ጎደለ ማለት ነው። ገንዘብ ሲጎድል ማንም ምንም ባይናገር እንኳ ዓይን ይናገራል። እትዬ ቦርሳቸውን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አራገፉት። ማንም አራግፊ አላላቸውም። እኔ ዝርዝሩን ወደ ታች ስሄድ የአንዲት እኅት ስም ሦስት ጊዜ ተደርድሮ አየሁ። ሦስቱም 20 ዶላር፣ ሦስቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ።

«እትዬ፣ ይቺን ስንት ጊዜ ነኳት?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ዝም አለኝ። ያልሰማ መስሎኝ ደጋገምኩት» አሉ።

ከዚያ በፊት በነበሩት እሁዶች መዝገቡ ዝም ብሎ አያውቅም። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ኤጃክስን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ገጽ በተራው መንገድ እንዴት ይሠራል

ስልካችን ላይ ያለው ብራውዘር፣ ክሮም ይሁን ሳፋሪ፣ ሩቅ ወዳለው ሰርቨር ጥያቄ ይልካል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ጥያቄውን ያነባል፣ ዳታቤዙን ይጠይቃል፣ ከዚያ ገጹን ከራስጌው እስከ ግርጌው ጽፎ ይመልሳል። ብራውዘሩ የነበረውን ገጽ ጥሎ አዲሱን ከመጀመሪያው ይሥላል። አንድ ስም ለመጨመርም ቢሆን አካሄዱ ያው ነው። ርዕሱ፣ ሥዕሉ፣ የስልሳ ሰው ስም ዝርዝር፣ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል።

በቡና ላስረዳችሁ። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ስኒው ተደርድሮ፣ ሰው ተቀምጦ እየተጫወተ ሳለ አንዷ እንግዳ «ስኳር ጨምሩልኝ» ብትል ምን ታደርጋላችሁ? በተራው የገጽ አሠራር መልሱ እንዲህ ነው፦ ረከቦቱን ከነስኒው አንስቶ ወደ ማድ ቤት መመለስ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ መደርደር፣ በአንዱ ስኒ ስኳር ጨምሮ እንደገና ማቅረብ። ይህ እስኪሆን እንግዶቹ ባዶ ወለል እያዩ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ኤጃክስ ደግሞ አንዷን ልጅ ስኳር እንድታመጣ ይልካታል። ረከቦቱ ከቦታው አይነሳም። «አሲንክሮነስ» የሚለው ቃል የሚናገረው ሁለተኛውን ነገር ነው፦ ልጅቷ ሄዳ እስክትመለስ ጨዋታው አይቆምም። የላከ ሰው ቆሞ አይጠብቅም፣ ስትመጣ ግን ይቀበላታል።

ልጅቷን የሚልካት ማነው ካላችሁ፣ ጃቫስክሪፕት ነው። በብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራ ቋንቋ ነው። ጥያቄውን ከበስተጀርባ ይልካል፣ መልሱ ሲመጣ ገጹ ላይ የተባለውን ቦታ ይፈልግና እዚያ ብቻ ያስገባዋል።

ከየት መጣ

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከበስተጀርባ ጥያቄ መላኪያውን መጀመሪያ የሠራው ማይክሮሶፍት ነው፤ አውትሉክን በብራውዘር ለማንበብ ሲል በ1999 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ውስጥ አስገባው። ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ2004 ጂሜይል፣ በ2005 መጀመሪያ ጉግል ማፕስ ሲመጡ ግን ካርታው ሳይቋረጥ በማውስ ሲጎተት ያየ ሁሉ ይህ እንዴት ሆነ አለ። የካቲት 2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት የሚባል አሜሪካዊ አንድ ጽሑፍ አወጣና አሠራሩን «ኤጃክስ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ውስጥ ኤክስ-ኤም-ኤል የሚባለው የመረጃ አጻጻፍ አለበት፣ ዛሬ ግን በብዛት የሚላከው ጄሰን ወይም ቁራጭ ኤች-ቲ-ኤም-ኤል ነው። ስሙ ብቻ ቀረ።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ፍሬምወርኮቹ ቀድመው ተሠርተው ነበር። ሬልስን ዴቪድ ሃይንማየር ሃንሰን የሚባል ዴንማርካዊ በ2004 ነው ያወጣው። ሁሉም ሙሉ ገጽ ለመጻፍ የታሰቡ ናቸው። ታዲያ ቆሞ ያለ ቤት ላይ አዲስ በር እንዴት ይከፈታል? ሁለት ፍሬምወርኮች ሁለት መንገድ ሄዱ፣ ልዩነታቸው ለእኛም ትምህርት አለው።

ሬልስ በ2005 ፕሮቶታይፕ የሚባለውን የሳም ስቲቨንሰንን የጃቫስክሪፕት ሥራ አብሮ አካተተ። ተራውን ማገናኛ የሚጽፈው ትእዛዝ ወንድም ተጨመረለት፤ በአንዱ ስትጽፉ ሙሉ ገጽ ይመጣል፣ በሌላው ስትጽፉ ቁራጭ ይመጣና ባላችሁት ቦታ ይገባል። ጃቫስክሪፕት የማታውቅም ሴት ልትጠቀምበት ትችላለች። ችግሩ፣ ጃቫስክሪፕቱ ከገጹ ጽሑፍ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣ ነበር። በ2010 በሬልስ 3 ለይተው አወጡት፤ ገጹ ላይ ትንሽ ምልክት ብቻ ይቀመጣል፣ ምልክቱን አይቶ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከሬልስ 7 ጋር የሚመጣው ደግሞ ሆትዋየር ይባላል፤ ከገጹ ቆርጣችሁ ስም የሰጣችሁትን ክፍል ብቻ ይቀይራል።

ማይክሮሶፍት በ2007 ለኤ-ኤስ-ፒ ዶት ኔት «አፕዴት ፓነል» የሚባል ነገር አወጣ። የነበረውን ገጽ ምንም ሳትነኩ የምትፈልጉትን ክፍል በፓነሉ ትከብቡታላችሁ፣ በቃ። እጅግ ቀላል ነው። ነገር ግን ከጀርባው ቅጹ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ገጹ ደብቆ የያዘው ማስታወሻ ሳይቀር፣ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ሰርቨሩም የገጹን ሥራ ከሞላ ጎደል ከመጀመሪያው ይሠራል። የሚቀንሰው ተመልሶ የሚመጣው ብቻ ነው። ረከቦቱ ሳሎን ውስጥ አልተነሳም፣ ማድ ቤት ውስጥ ግን ቡናው ሁሉ እንደ አዲስ ይፈላል። እንግዶቹ አያዩትም፣ የምትደክመዋ ታውቀዋለች። ይህን ያነሳሁት መሣሪያን ለመንቀፍ አይደለም። ቀላል የሚመስል ነገር ስታዩ ሥራው ወዴት እንደሄደ ጠይቁ ለማለት ነው።

በእኛ መዝገብ ላይ እንዴት ጨመርኩት

የኮምፒውተር አስተማሪያችን ወንድም መጀመሪያ በእጅሽ ጻፊው፣ ሲገባሽ ወደ ሆትዋየር ትሄጃለሽ ብሎኝ ስለነበር «ፌች» በሚባለው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ጻፍኩት። ምክሩ ልክ ነው። ልክ ያልነበረው የእኔ ጥድፊያ ነው።

መጀመሪያ የሚደረገው ኤጃክስ አይደለም። መጀመሪያ ገጹን መቁረጥ ነው። በዝርዝሩ ላይ የአንድ ሰው ስም፣ መጠንና ቀን ያለበትን ረድፍ ለብቻው ትንሽ ፋይል ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ሬልስ ይህን ፓርሻል ይለዋል። ሙሉ ገጹ ሲጻፍ ያንን ፓርሻል ለስልሳው ሰው ስልሳ ጊዜ ይጠራዋል። ይህን አድርጋችሁ ገጹን ክፈቱት። ምንም ካልተለወጠ ጥሩ ነው፣ እንዲለወጥም አልተፈለገም። አሁን ግን አንድ ረድፍ ብቻ ለብቻው መጻፍ ይቻላል።

ቀጥሎ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚወስነው ክፍል፣ ሁለት ዓይነት መልስ እንዲያውቅ ይደረጋል። ጠያቂው ተራ ቅጽ ከሆነ እንደ ድሮው መዝግቦ ወደ ሙሉው ዝርዝር ይመልሰው። ጠያቂው ጃቫስክሪፕት ከሆነ መዝግቦ አዲሱን ረድፍ ብቻ ይስጠው። ሁለቱም ያንኑ ፓርሻል ነው የሚጠቀሙት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዱ ሰው ረድፉን በሰርቨሩ አንድ ጊዜ፣ በጃቫስክሪፕት ሁለተኛ ጊዜ ይጽፈዋል፣ ከወር በኋላ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን ይረሳል፣ ዝርዝሩም ላይ ግማሹ ሰው «ዶላር» ግማሹ የዶላር ምልክት ይዞ ይቀመጣል።

የድሮውን መንገድ አታጥፉት። ጃቫስክሪፕቱ ሳይደርስ ቢቀር፣ ስልኩ ያረጀ ቢሆን፣ ቅጹ እንደ ተራ ቅጽ ይሄዳል፣ ሙሉ ገጽ ተመልሶ ይመጣል፣ ሥራው ይሠራል። ኤጃክሱ ከላይ የተደረበ ነጠላ ነው፤ ነጠላው ቢወልቅ ቀሚሱ አለ።

በመጨረሻ ጃቫስክሪፕቱ ይመጣል። ቅጹ ሲላክ ይይዘዋል፣ በፌች ይልከዋል፣ መልሱን ዝርዝሩ ራስ ላይ ያስገባዋል። ሬልስ ሐሰተኛ ቅጽ ከሌላ ቦታ እንዳይላክ በየገጹ የሚስጥር ምልክት ያስቀምጣል፤ ጃቫስክሪፕቱ ያንን ምልክት አብሮ ካልላከ ሰርቨሩ 422 ብሎ ይመልሰዋል። እኔ በዚህ ሁለት ሌሊት ተቀጥቻለሁ። እናንተ አትቀጡ።

ሠራ። በቤት ዋይፋይ፣ በእኔ ስልክ፣ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ረድፉ ገባ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ዝምታው

አሁን ወደ እትዬ እንመለስ። በድሮው መንገድ «መዝግብ» ሲነኩ የብራውዘሩ ቀጭን መስመር ከላይ ይሮጣል፣ ገጹ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቀርፋፋ ነበር፣ ግን ይናገራል፦ ሰምቼሻለሁ፣ እየሠራሁ ነው፣ ጨርሻለሁ። ይህን ንግግር ሬልስም እኔም አልጻፍነውም፤ ብራውዘሩ በራሱ የሚያደርገው ነው። ኤጃክስ ሲገባ ብራውዘሩ ዝም ይላል፤ ከበስተጀርባ የሚሄደውን ጥያቄ ለተጠቃሚው አያሳይም። በአዳራሹ ደካማ ኔትወርክ መልሱ ስምንት አሥር ሰከንድ ሲቆይ፣ እትዬ የሚያዩት ያልተነካ የሚመስል ቁልፍ ነው። ሰው ያልሰማውን ሁለቴ ቢጠራ ምን ይደንቃል?

ስለዚህ የወሰድነውን ንግግር በእጃችን መመለስ አለብን። ቁልፉ እንደተነካ ይደብዝዝና አይነካ፤ ጽሑፉ «እየተመዘገበ ነው…» ይበል። መልስ ሲመጣ «ተመዝግቧል» ይበልና ቁልፉ ይመለስ። ስሕተት ከሆነ ስሕተቱን በግልጽ በአማርኛ ይጻፍ። እዚህ ላይ የፌችን ጠባይ እወቁ፦ ሰርቨሩ ውስጥ ብልሽት ደርሶ 500 ቢመልስ እንኳ ፌች እንደ ተሳካ ቆጥሮ ይቀጥላል፤ እሱ ስሕተት የሚለው መስመሩ ራሱ ሲቆረጥ ነው። የመልሱን ቁጥር እኛ ራሳችን ማየት አለብን። ደግሞም በራሱ «በቃ ጠበቅሁ» አይልም፤ የጊዜ ገደቡን እኛ ነን የምንሰጠው። ሆትዋየር ቅጹ እስኪመለስ ቁልፉን በራሱ ያግዳል፤ በእጃችሁ ከጻፋችሁ ግን ማንም አያግድላችሁም።

ይህን አድርጌ ለአስተማሪያችን አሳየሁት። «ጥሩ ነው፣ ግን መብራት ቢጠፋስ?» አለኝ። እዚህ ቤይሩት መብራት ከመንግሥት ወደ ጄኔሬተር ሲዞር ዋይፋዩ እንደሚጠፋና እስኪመለስ እንደሚያስጠብቅ ሁላችን እናውቃለን። ልክ በዚያች ሰዓት «መዝግብ» ብንነካ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ከስልኩ ሳይወጣ ቀርቷል። ወይም ደርሶ ተመዝግቧል፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ጠፍቷል። ወይም ገና እየሄደ ነው። እኅቶቼ፣ ስልኩ እነዚህን ሦስቱን መለየት አይችልም። ለእሱ ሦስቱም አንድ ዝምታ ናቸው። እንደገና እንሞክር ብንል በመጀመሪያው ትክክል ነን፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ አስመዘገብን።

መፍትሔው ያለው ሰርቨሩ ዘንድ ነው። ቅጹ ሲዘጋጅ ማንም የማይደግመው ቁጥር ተደብቆ ይጻፍበታል፣ ልክ ደረሰኝ ላይ እንዳለ ቁጥር። ዳታቤዙ ያ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ይታዘዛል። እትዬ ሦስት ጊዜ ቢነኩ ሦስቱም ጥያቄ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ይገባል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው «ይቺ አለች» ተብለው የተመዘገበው ረድፍ ይመለስላቸዋል። ክልከላው በሩቢው ኮድ ብቻ ሳይሆን በዳታቤዙ ራሱ ላይ ይሁን። ሁለት ጥያቄ እኩል ከደረሰ ኮዱ ሁለቱንም «የለም» ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ዳታቤዙ ግን አንዱን ብቻ ያስገባል።

አበቃ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ አንዲት እኅት 20 ዶላር ለራሷ ሰጠች፣ መውጣት ለተከለከለች ጓደኛዋ ደግሞ ሌላ 20 ሰጠች። የራሷ ገባ፣ የጓደኛዋ እምቢ አለ። ገጹ «ተመዝግቧል» ይላል፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የለችም። ምን ሆነ መሰላችሁ? በድሮው መንገድ ከእያንዳንዱ ምዝገባ በኋላ ገጹ እንደ አዲስ ስለሚመጣ ቅጹም አዲስ ቁጥር ይዞ ይመጣል። በኤጃክስ ገጹ አይመጣም፣ ቅጹ ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው አሮጌው። ሁለተኛዋን ሰርቨሩ የመጀመሪያዋ ድጋሚ አድርጎ ቆጠራት። አሁን ሰርቨሩ ከረድፉ ጋር አዲስ ቁጥር ያለው ባዶ ቅጽ አብሮ ይልካል። እግረ መንገዴን፣ ቁጥሩ ያው ሆኖ ስሙ ወይም መጠኑ ከተለየ «ተመዝግቧል» እንዳይል፣ ስሕተት ብሎ እንዲጮህ አድርጌዋለሁ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ እትዬን አሳማ፣ ሁለተኛው የሌለችን እኅት ስጦታ ሊሰርዝ ነበር። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ቦታ ነው፦ ሙሉ ገጽ ሲታደስ በነጻ የምናገኘውን ነገር ሳልቆጥር ገጹ እንዳይታደስ አደረግሁ።

ሌሎች በነጻ የነበሩ ነገሮች

ከላይ ያለው ከገባችሁ የቀሩት ቀላል ናቸው። በአዲሱ ረድፍ ላይ ያለው «ሰርዝ» ቁልፍ አይሠራም፤ ምክንያቱም ጃቫስክሪፕቱ ገጹ ሲከፈት በነበሩት ቁልፎች ላይ ብቻ ተመድቧል፣ ኋላ የመጣችውን አያውቃትም። ጥበቃውን ከየቁልፉ ላይ አንሥታችሁ በዝርዝሩ ደጅ አቁሙት፤ ማንም ትምጣ ማን በዚያ ያልፋል።

የመግቢያ ጊዜ ሲያልቅ የሚሆነው ደግሞ ያስቃል። ሰርቨሩ «ግባና ተመለስ» ብሎ ወደ የይለፍ ቃል ገጽ ይልካል። ፌች ታዛዥ ስለሆነ ዝም ብሎ ይከተላል፣ ያንን ሙሉ ገጽ ይዞ ይመጣና እንደ ረድፍ ስሞች መካከል ይከተዋል። እትዬ በዝርዝሩ መሐል ትንሽ የይለፍ ቃል መጠየቂያ በቅሎ አይተው «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ። ለጃቫስክሪፕት ሲሆን ሰርቨሩ 401 ይመልስ፣ ጃቫስክሪፕቱ ያንን አይቶ ሰውየውን ራሱን ወደ መግቢያው ይውሰደው።

ስም መፈለጊያው ላይ ደግሞ መልሶች በተላኩበት ቅደም ተከተል አይደርሱም። «አ» ብለን ስንጽፍ አንድ ጥያቄ ይሄዳል፣ «አለ» ስንል ሌላ። የመጀመሪያው ረጅም ዝርዝር ስለሆነ ዘግይቶ ሊደርስና ትክክለኛውን አጥፍቶ ሊቀመጥ ይችላል። ለጥያቄዎቹ ተራ ቁጥር ስጧቸው፣ ከመጨረሻው በፊት የተላከ ሲመጣ ጣሉት።

ኮድ ለማትጽፉት

ፕሮግራም አልጽፍም የምትሉም ይህን ገጽ አትዝለሉት፤ በስልካችሁ ገንዘብ የምትልኩበት ወይም ቀጠሮ የምትይዙበት ብዙው ገጽ ዛሬ በዚህ አሠራር ነው የሚሠራው። «ላክ» ነክታችሁ ክቡ ነገር እየዞረ ቢቀር፣ ወይም መስመር ቢቆረጥ፣ ስልካችሁ ገንዘቡ መሄዱን አለመሄዱን አያውቅም። ደግማችሁ አትንኩ። መጀመሪያ «የተላኩ» ወይም «ታሪክ» የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ እዩ፣ የባንክ መልእክት መጥቶ እንደሆነ እዩ። እዚያ ከሌለ ጥቂት ቆይታችሁ እንደገና እዩ፤ ሦስተኛውን ዓይነት ዝምታ አስታውሱ፣ ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የማጣቀሻ ቁጥር እስክታዩ ድረስ ተልኳል ብላችሁ ለቤተሰብ አትደውሉ። ቁጥሩ ከወጣ ፎቶ አንሡት። ጥሩ የተሠራ ገጽ እኔ ኋላ እንዳደረግሁት በተደበቀ ቁጥር ድግሙን ይከላከላል፤ የትኛው ገጽ ጥሩ እንደተሠራ ግን ከውጭ ሲታይ አይታወቅም።

የቤት ሥራ

በመዝገባችን ራስ ላይ «ጠቅላላ ድምር» የሚል መስመር አለ። አዲስ ረድፍ ብቻ ወደ ዝርዝሩ ስናስገባ ድምሩ ምን ይሆናል? እንዲስተካከልስ ከሰርቨሩ ምን መምጣት አለበት? ጃቫስክሪፕቱ ራሱ ቢደምርስ፣ በሌላ ስልክ ሌላ ሰው እየመዘገበ ከሆነ ችግሩ ምንድን ነው? በወረቀት ላይ ሥላችሁ እሁድ ከጸሎት በኋላ ይዛችሁ ኑ፤ ላፕቶፑ ባለፈው የተቀመጥንበት ክፍል ውስጥ ይኖራል። እሁድ መውጣት የማትችሉ ደግሞ ይህን ወረቀት ባመጣችላችሁ እኅት እጅ መልሳችሁን ላኩልኝ፣ አርሜ በሚቀጥለው እሁድ በእሷው እጅ እመልሰዋለሁ።